ከቤት ራውተር ስደውል እነሱ ይሰሙኛል፣ እኔ ግን ምንም አልሰማም

የጮቄ_ጥላ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በኢንተርኔት ስልክ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ይህን እዩልኝ።

አስተሪስክ ሰርቨራችን (ስልኮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ፕሮግራም) ኪራይ ማሽን ላይ ነው፤ ቋሚ የሕዝብ አይፒ አለው፣ ስልኮቹ በፒጄሲፕ (በአስተሪስኩ የጥሪ ክፍል) ነው የተመዘገቡት። 201 ማርቆስ ቤት ያለ የግራንድስትሪም የጠረጴዛ ስልክ ነው፣ 202 ቡሬ እህል መጋዘኑ ውስጥ፣ 203 ባሕር ዳር ሱቁ ውስጥ። 204 እጅ ስልክ ላይ የተጫነ ሊንፎን የሚባል የመደወያ መተግበሪያ ነው፤ ለእሱ ስተንና አይስ (የውጭ አድራሻውንና የድምፁን መንገድ ራሱ እንዲፈልግ የሚያደርጉት) በርተውለታል።

ከ201 ወደ 203 ሲደወል ይጠራል፣ ይነሳል፣ ሰከንዱም መቁጠር ይጀምራል። ባሕር ዳር ያለው ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማኛል። እኔ ጋ ግን ጭር ነው፣ ሽሽታ እንኳ የለም። ከባሕር ዳር ወደ እኔ ሲደወልም ያው ነው። 204ን በሞባይል ዳታ ስሞክረው ሁለታችንም እንሰማማለን። ስለዚህ ጥፋቱ የራውተሩ ነው ብዬ ፖርት 5060ን (የጥሪውን በር) ወደ ጠረጴዛ ስልኩ፣ ማለትም ወደ 192.168.1.23 ፎርዋርድ አደረግሁ፤ ለውጥ የለም። መስመሩ ቀርፋፋ አይደለም፣ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ያሳያል። ራውተሩን ልቀይረው ወይስ ሌላ የማየው ነገር አለ?

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ገንዘብህን ያዝ ወንድሜ፣ ለመግዛት ገና ነው።

ጥሪውና ድምፁ በአንድ መንገድ አይሄዱም። «እየጠራ ነው፣ ተነሳ፣ ተዘጋ» የሚባባለው ሲፕ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዩዲፒ 5060። ድምፁ በአርቲፒ፣ በሌላ ፖርት ነው የሚመጣው። ጥሪው ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች «ድምፅህን በዚህ አድራሻ፣ በዚህ ፖርት ላክልኝ» የሚል ወረቀት ይለዋወጣሉ፤ ኤስዲፒ ይሉታል። ያንተ ስልክ ስለ ራሱ የሚያውቀው 192.168.1.23ን ብቻ ስለሆነ ያንኑ ይጽፋል። ይህ ደግሞ «ፖ.ሣ.ቁ. 23» ብሎ ጽፎ ከተማውን እንደ መተው ነው። ሣጥን 23 ማርቆስም አለ፣ ሞጣም አለ፣ ብቸናም አለ። ሰርቨሩ ድምፁን ወደዚያ ይልካል፣ ድምፁም መድረሻ አጥቶ ይቀራል። አንተ የምትልከው ግን ሰርቨሩ የሰጠህ አድራሻ የሕዝብ አይፒ ስለሆነ ይደርሳል። ይሰሙሃል፣ አትሰማም።

ከዚህ ተነስተህ የማይሰማው ሰው የሰጠውን አድራሻ መጠርጠር ነው። አንተ ስለማትሰማ የተጠረጠረው ያንተ ወረቀት ነው፣ ወይም ወረቀቱን መንገድ ላይ የነካካው አካል። ነገሩ ተገልብጦ እነሱ አንተን የማይሰሙህ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ማይክህን፣ የድምፅ ማጥፊያ (ሚዩት) ቁልፉን፣ የእጀታውን ገመድ፣ እጅ ስልክ ከሆነ የማይክ ፈቃዱን እይ እልህ ነበር።

5060 ስለ መክፈትህ፦ ጥሪው ድሮውንም እየጠራ ነው፣ ሲፕ ችግር የለበትም። ድምፅ በ5060 አይገባም። የፍጥነቱም ነገር እንደዚያው ነው። ጂ 711 (የተለመደው የድምፅ ኮዴክ) በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል፤ አይፒው ሲጨመርበት በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። መስመር ሲጠብ ድምፅ ይቆራረጣል፣ እንደ ሮቦት ይሆናል፤ በአንድ ወገን ብቻ ሙሉ በሙሉ ጭር አይልም።

«204 በዳታ ሠርቷል፣ ስለዚህ ራውተሩ ነው» ያልከው ላይ ግን ቶሎ ፈርደሃል። ኔትወርኩንም ስልኩንም አንድ ላይ ቀየርህ፤ 204 አይስ አለው፣ 201 የለውም። እስቲ እነዚህን አድርግ፦

የእጅ ስልኩን ዳታ አጥፋና 204ን በቤቱ ዋይፋይ ሞክረው። አሁን የተለወጠው ኔትወርኩ ብቻ ነው።

ሰርቨሩ ላይ የኤኮ ፈተና አዘጋጅ (የአስተሪስክ ማስተዳደሪያው ፍሪፒቢኤክስ ከሆነ *43 ላይ አለልህ)፣ ከ201 ደውልለት። የራስህ ድምፅ ተመልሶ ከመጣ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። ካልመጣ ባሕር ዳርን ከጉዳዩ አውጣው፤ ችግሩ በአንተና በሰርቨሩ መካከል ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። በአስተሪስኩ ትእዛዝ መስመር ላይ «አርቲፒ ሴት ዲበግ ኦን» በልና ከ201 ደውል። ሁለት ዓይነት መስመር ይወርዳል፤ «ጋት» የሚለው ከአንተ የደረሰው፣ «ሴንት» የሚለው ወደ አንተ የተላከው ነው። «ሴንት» ወደ የትኛው አድራሻና ፖርት እንደሚል፣ «ጋት» ደግሞ ከየትኛው እንደሚል ጻፍልን።

የቡሬ_መስመር (ቡሬ)

ጣና ዳር ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ራውተሩ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» በርቶ እንደሆነ አሁኑኑ እየው። ሥራው ያንን ወረቀት ከፍቶ የውስጡን አድራሻ በውጭው መተካት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ ብዙ የቤት ራውተር ላይ ግን አሠራሩ ግማሽ ነው፤ አድራሻውን ይለውጥና ፖርቱን ይረሳል፣ ወይም የላይኛውን ነክቶ የታችኛውን ይተወዋል። ቲፒ ሊንክ ላይ በአድቫንስድ ስር ናት ፎርዋርዲንግ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ሚክሮቲክ ላይ አይፒ፣ ፋየርዎል፣ ሰርቪስ ፖርትስ ውስጥ። ሌሎቹ ላይ በሴኪዩሪቲ ወይም በአፕሊኬሽን ስር ይደበቃል። ሲፕን ብቻ አጥፋ፣ ሌሎቹን ተዋቸው።

ካጠፋህ በኋላ ሴቭ ብለህ ራውተሩን ዳግም አስነሳው። ይህን የሚዘል ብዙ ነው። ስልኩ በየ20ና 30 ሰከንዱ ለሰርቨሩ ምልክት ስለሚልክ ራውተሩ አሮጌውን መዝገብ ይዞ ይቆያል፤ ሰዉም «ኤኤልጂ አጠፋሁ፣ አልሠራም» ብሎ ይደመድማል። ራውተሩን ማጥፋት ካልቻልህ ስልኩን ለአምስት ደቂቃ ንቀለው።

እዚያው እያለህ የራውተሩን የዋን አድራሻ (ከውጭ የተሰጠውን) እይ። በ10፣ በ192.168፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከላይህ ሌላ ናት (የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ የሚተካ) አለ። ያኔ አንተ የምትከፍተው ፖርት የውስጡን በር ነው የሚከፍት፣ የውጭው እንደተዘጋ ነው።

የጮቄ_ጥላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልኳችሁትን ሳይሆን ያላችሁኝን አደረግሁ።

204 በቤቱ ዋይፋይ፦ እሱም አይሰማም! በዳታ ይሰማል፣ በዋይፋይ ጭር። ኤኮ ከ201፦ ጭር።

ዲበጉ፦ «ጋት» ከ203.0.113.45 ፖርት 40112 ይላል። «ሴንት» ደግሞ ወደ 203.0.113.45 ፖርት 5004 ይላል። (የሕዝብ አይፒዬን በምሳሌ አድራሻ ተክቼዋለሁ።) የዋን አድራሻዬ ከዚሁ ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ ድርብ ናት የለም። ኤኤልጂ በርቶ ነበር። አጥፍቼ፣ ሴቭ ብዬ፣ ሁሉንም ዳግም አስነሣሁ።

ከዚያ በኋላ 204 በዋይፋይ ሠራ። 201 ግን ባሰበት፤ ሲደውል አሁንም አይሰማም፣ ወደ እሱ ሲደወል ደግሞ ጭራሹን አይጠራም። ኤኤልጂውን መልሼ ላብራው?

ጣና_ዳር

እንዳታበራው! ባሰበት የመሰለህ ሕመሙ ስለተገለጠ ነው።

የመጀመሪያውን ዲበግ አብረን እንየው። ሰርቨሩ 192.168 ወዳለው ሳይሆን ወደ ሕዝብ አይፒህ ነበር የሚልከው። ስልክህ ይህን አይፒ አያውቀውም፤ የጻፈለት ኤኤልጂው ነው። ፖርቱን ግን 5004 እንዳለ ተወው፣ እሱ የግራንድስትሪም የፋብሪካ ፖርት ነው። ድምፅህ ከራውተሩ የወጣው በ40112 ነው። ሰርቨሩ 5004ን ሲያንኳኳ ራውተሩ ያን በር አያውቀውም፣ ይጥለዋል። የቡሬ መስመር ግማሽ አሠራር ያለችው ይኸው ነው።

204ም የወደቀው በዚያው ምክንያት ነው። አይስ ሁለቱም ወገን እውነተኛውን መንገድ በመሞከር እንዲያገኙ ያደርጋል፤ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ዋናው አድራሻ ከዘረዘራቸው አማራጮች ከአንዱም ጋር ካልገጠመ «መሃል ላይ አንድ ሰው ነክቶታል» ብሎ አይሱን ይተወዋል። ኤኤልጂው ሲጠፋ ወረቀቱ ሳይነካ ደረሰ፣ 204 ሠራ።

201 አሁን ለምን አይጠራም? ሲመዘገብ «ስትፈልጉኝ 192.168.1.23 ላይ ነኝ» ብሎ ይጽፋል። እስካሁን ኤኤልጂው ያርምለት ነበር፣ አሁን የሚያርምለት የለም። ማረም ያለበት ደግሞ ሰርቨሩ ነው። የ201ን ኢንድፖይንት (ሰርቨሩ ላይ ያለውን የስልኩን ቅንብር) ክፈትና እነዚህን ተመልከት፦

«ሪራይት ኮንታክት» የስ ይሁን። ስልኩ የጻፈውን ትቶ ምዝገባው የመጣበትን አድራሻና ፖርት ይይዛል። መጥራቱ በዚህ ይመለሳል።

«አርቲፒ ሲሜትሪክ» የስ ይሁን። ድምፁን ወረቀቱ ወዳለው ሳይሆን ያንተ ድምፅ ወደመጣበት ይመልሳል፣ ማለትም ወደ 40112። የጆሮህ ነገር እዚህች ላይ ነው። ካልነኩት በፒጄሲፕ ኖ ነው።

«ፎርስ አርፖርት» የስ ይሁን፤ ካልነካኸው እንደዚያው ነው።

«ዳይሬክት ሚዲያ» ኖ ይሁን። ካልነኩት የስ ነው። ጥሪው ሲነሳ ሰርቨሩ ከመሃል ወጥቶ ሁለቱን ስልኮች በቀጥታ ሊያገናኛቸው ይሞክራል፤ ማርቆስ ካለ ናት ጀርባ ወደ ባሕር ዳር ናት ጀርባ በቀጥታ አይሆንም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሁለት ሰከንድ «ሄሎ» ተሰምቶ ድምፁ ጭልጥ ይላል።

ሪሎድ አድርግ፣ ስልኩን ንቀልና መልሰህ ሰካው። ከዚያ ዲበጉን ድገመው፤ «ጋት» እና «ሴንት» አንድ ዓይነት አድራሻና ፖርት ሲያሳዩ ጨርሰሃል። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ፓኬቶች ወደ 192.168.1.23 ቢሄዱ አትደንግጥ፤ ሰርቨሩ ድምፅህ እስኪደርሰው ወረቀቱን ነው የሚያምነው።

ዘንገና_ኔት (እንጅባራ)

ጥያቄ ላክልበት፣ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። የእኔ ሰርቨር ራሱ ቤት ውስጥ ነው፣ ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ። ውጭ ያሉት ስልኮች በዳይናሚክ ዲኤንኤስ ስም (አይፒው ቢቀየርም በማይቀየር ስም) ይመዘገባሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጥሪው ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ከዳንግላው ስልክ ጋር ሁለታችንም አንሰማማም፣ ከአዲስ አበባው ጋር ግን እሱ ይሰማኛል፣ እኔ አልሰማውም። የአዲስ አበባው ራውተር ላይ የድምፅ ፖርቱ ፎርዋርድ ተደርጓል፣ ስልኩም ላይ የሕዝብ አይፒው ተጽፏል። ኤኤልጂ ድሮም ጠፍቷል። ቤት ውስጥ ለውስጥ ምንም ችግር የለም።

የቡሬ_መስመር

እህቴ፣ መብራቱ ሲመጣ ራውተርሽ አዲስ የሕዝብ አይፒ ይዞ ነው የሚነሳ። ስሙን ዲኤንኤሱ አድሶታል፣ ስልኮቹም በስሙ ስለሚመጡ ይመዘገባሉ። ሰርቨርሽ ግን በወረቀቱ ላይ የትናንቱን አይፒ እየጻፈ ነው። ውጭ ያሉት ድምፃቸውን ወደ ትናንቱ ቤት ይልካሉ፣ አንቺ አትሰሚም።

ለምን አንዱ አንድ ወገን፣ ሌላው ሁለት ወገን ሆነ ላልሽው፦ የአዲስ አበባው ስልክ ትክክለኛ አድራሻ ስለሚሰጥሽ ያንቺ ድምፅ ይደርሰዋል። የዳንግላው ከናት ጀርባ ነው፣ የሚሰጥሽ የጓዳ አድራሻውን ነው፤ አርቲፒ ሲሜትሪክ ደግሞ መንገዱን የሚያውቀው የእሱ ድምፅ ሲደርሰው ነው። ድምፁ የትናንቱ ቤት ስለሄደ ሰርቨሩ ምንም አልተማረም።

በፒጄሲፕ የትራንስፖርት ቅንብር ላይ «ኤክስተርናል ሚዲያ አድሬስ» እና «ኤክስተርናል ሲግናሊንግ አድሬስ» የሚሉት ውስጥ ቁጥር ሳይሆን የዳይናሚክ ዲኤንኤስ ስምሽን አስገቢ። ያ ብቻውን አይበቃም፤ አስተሪስክ ስሙን ሲነሳ አንድ ጊዜ ተርጉሞ ያስቀምጠዋል። የዲኤንኤስ ማናጀሩን ፋይል ከፍተሽ አብሪው፣ የማደሻ ጊዜውን 300 ሰከንድ አድርጊው። «ሎካል ኔት» ላይ 192.168.1.0/24ን ጻፊ፣ አለበለዚያ ሳሎን ያለውም ስልክ የውጭ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ያኔ የቤት ውስጡም ይበላሻል።

ሌላ ነገር፣ ፓዩና ራውተሩ እኩል ሲነሱ ፓዩ ሊቀድም ይችላል። ኢንተርኔት ሳይመጣ ስሙን ሊተረጉም ሞክሮ ባዶ ይቀራል። አስተሪስኩ ኔትወርክ እስኪመጣ እንዲጠብቅ አድርጊው፣ ወይም ለሁለቱም ትንሽ ዩፒኤስ። ራውተርና ፓይ አንድ ላይ ብዙ አይበሉም።

ጣና_ዳር

ለዘንገና ልጨምር። ሰርቨር ቤት ሲሆን ፎርዋርድ ማድረግ ያስፈልጋል፣ የድምፁን ፖርቶችም ጭምር። አስተሪስክ ከ10000 እስከ 20000 ነው የሚጠቀመው፤ ለቤት ይህ በጣም ብዙ ነው። በአርቲፒው ፋይል ከ10000 እስከ 10100 አድርጊውና እነሱኑ በዩዲፒ ክፈቺ። አንድ ጥሪ ሁለት እግር አለው፣ እያንዳንዱ እግር ሁለት ፖርት፣ አንዱ ለድምፁ ሌላው ለአርቲሲፒ (የድምፁን ሁኔታ ለሚዘግበው)። ስለዚህ በመቶ ፖርት ሃያ አምስት ጥሪ በአንድ ጊዜ ይቻላል። ፋይሉ ላይ ያለውና ራውተሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆነ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው አድካሚ በሽታ ይመጣል።

የዋን አድራሻሽ በ100.64 ወይም በ10 ከጀመረ ይህን ሁሉ ተዪው፣ አይሠራም። ርካሽ ኪራይ ማሽን ወስደሽ ከፓዩ ወደዚያ ዋየርጋርድ (የግል የኢንተርኔት ዋሻ) ዘርጊ፣ የማቆያ ምልክቱን 25 ሰከንድ አድርጊ። ስልኮቹ በኪራይ ማሽኑ በኩል ይገባሉ።

አንድ ተጨማሪ ምልክት፣ ሰው ስለሚያደናግር፦ ጥሪ በ32 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ከዘጋ የድምፅ ጉዳይ አይደለም። ያነሳው ወገን «ተነሳ» ብሎ ልኮ ማረጋገጫው አልደረሰውም፤ 32 ሰከንድ ደጋግሞ ይሞክርና ይተወዋል። ያኔ ፍለጋው ወደ ኮንታክት አድራሻው ነው።

የጮቄ_ጥላ

ሠራ! አራቱንም አስተካከልሁ፤ «ጋት»ም «ሴንት»ም 203.0.113.45 ፖርት 40112 ይላሉ። ኤኮውም መለሰ፣ ባሕር ዳርም ቡሬም ይሰማል፣ 201ም ይጠራል።

አንዲት ነገር ቀረች። ባሕር ዳር ያለው ሰው የዕቃ ዝርዝር ሲያነብልኝ እኔ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ድምፁ ይጠፋል። «ሄሎ» ስል ከትንሽ ቆይታ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እሱ ጋ አንዳችም ነገር አልተቋረጠም።

የቡሬ_መስመር

ዝም ስትል ስልክህም ዝም ይላል። ግራንድስትሪሙ ላይ በኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ «ሳይለንስ ሰፕሬሽን» በርቷል። ካልተናገርህ ፓኬት አይልክም፤ ራውተርህ ደግሞ ከውስጥ የሚወጣ ነገር ካላየ 40112ን በ30 ሰከንድ ይዘጋዋል። ከውጭ የሚገባውን እንደ እንቅስቃሴ የሚቆጥር ራውተር አለ፣ ያንተው አይቆጥርም። ስትናገር አዲስ ፖርት ይከፈታል፣ ሰርቨሩ አዲሱን እስኪያምን ያቺ ትንሽ ቆይታ ትመጣለች። ሳይለንስ ሰፕሬሽኑን ኖ በለው። ሰርቨሩ በየጊዜው ፓኬት እንዲልክ ማድረግ ለዚህ አይረዳህም፣ መውጣት ያለበት ካንተ ነው።

ራውተሩ የዩዲፒ ጊዜ የሚያስቀይር ከሆነ ወደ 180 ሰከንድ ወይም 300 ከፍ አድርገው። ለናት የተጻፈው የ2007 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ከሁለት ደቂቃ በታች እንዳይሆን ይላል፣ ግን ማን ይሰማዋል።

ሁለተኛ የጠረጴዛ ስልክ ቤት ውስጥ ልትጨምር ካሰብህ ደግሞ ሁለቱም 5060ንና 5004ን ይዘው እንዳይጋፉ «ዩዝ ራንደም ፖርት» የሚለውን አብራላቸው።

የጮቄ_ጥላ

ሰፕሬሽኑን አጥፍቼ አሥር ደቂቃ ሙሉ አፌን ይዤ አዳመጥሁት፤ አልተቋረጠም። ሁላችሁንም ያክብርልኝ።

ጣና_ዳር

መጀመሪያ ላይ የከፈትካት 5060 አሁንም ወደ 201 ፎርዋርድ እንደሆነች ነው። ዝጋት። ሰርቨርህ ኪራይ ማሽን ላይ ስለሆነ ቤትህ ምንም በር መክፈት አያስፈልገውም። ክፍት 5060ን ሲያስሱ የሚውሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 100 ወይም 1000 ከሚል ቁጥር ስልክህ ቢጮህ፣ ስታነሳው ማንም ባይኖር፣ እነሱ ናቸው።

የጮቄ_ጥላ

ለካ ትናንት ሌሊት የጮኸው እሱ ነው! ዘጋኋት።